ዓሣው የት ገባ? በድምፅ የተደረገ ፍለጋ ታሪክ

የዓሣ ማስገር ሕግ መሠረቱ ቦታና ጊዜ ነው። ከዚህ ወዲያ አይሰገርም፣ ከዚህ ወር እስከዚያ ወር መረብ አይጣልም ይላል። እንዲህ ያለውን ሕግ የሚያወጣ ሰው ዓሣው በዚያ ወር የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር ማወቅ ነበረበት። ለረጅም ዘመን ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ክልሉ የሚከለለው ለሰው በሚመች መንገድ ነበር፤ ዓሣው በሚመላለስበት ልክ አልነበረም።

ብዙ አንባቢ የዚህን ታሪክ አንዳንድ ቁራጭ ያውቃል። መሣሪያ ተተክሎለት ስለተለቀቀ ሻርክ በቴሌቪዥን አይቷል፤ የካናዳው ኮድ ዓሣ ስለማለቁ ሰምቷል፤ ሳልመን የተፈለፈለበትን ወንዝ ፈልጎ እንደሚመለስ በትምህርት ቤት ተምሯል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ፍለጋ ክፍሎች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1653 እስከ 1902፦ ሪባንና የአጥንት ቁልፍ

እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1653 ባሳተመው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፉ፣ ሰዎች በሳልመን ጫጩቶች ጭራ ላይ ሪባን አስረው እንደለቀቁና ዓሦቹ ከባሕር ተመልሰው እዚያው እንደተያዙ ጽፏል። ነገሩ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ከአጥማጆች ወሬ ብዙም አላለፈም።

ወደ ሳይንስ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የገባበትም ምክንያት ነበረው። በእንፋሎት የሚሠሩ መርከቦች ከባድ መረብ እየጎተቱ የሰሜን ባሕርን ወለል ማሰስ ጀምረው ነበር። ነባሮቹ አሥጋሪዎች ዓሣው እየቀነሰ ነው ብለው ሲያማርሩ፣ ስመ ጥሩው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ በ1883 ለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዓሣ ሀብት ኤግዚቢሽን ላይ፣ ታላላቆቹ የባሕር ዓሣ ሀብቶች ሳያልቁ አይቀሩም ለሚለው ስጋት ቦታ አልሰጠም፤ በጊዜው በነበረው የማስገር ዘዴ የማይነጥፉ ናቸው ሲል ተናገረ። እሱን ለመደገፍም ሆነ ለመቃወም ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ዴንማርካዊው ዮሃንስ ፔተርሰን በ1890ዎቹ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሦችን እየያዘ ከአጥንት የተሠራ ቁልፍ አሰረባቸውና ለቀቃቸው። ምልክት ካደረገባቸው ውስጥ ስንቱ በአሥጋሪዎች እጅ እንደተመለሰ በመቁጠር፣ ማስገሩ ከባሕሩ ምን ያህሉን እየወሰደ እንደሆነ መገመት ቻለ። በ1902 የሰሜን አውሮፓ አገሮች ኮፐንሃገን ላይ ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ሲያቋቁሙ፣ ከመጀመሪያዎቹ ኮሚቴዎች አንዱ የዓሣ ፍልሰትን፣ ሌላው ከልክ ያለፈ ማስገርን እንዲያጠና ተደረገ። ሁለቱ ጥያቄዎች እንደማይነጣጠሉ ያኔውኑ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የቁልፉ ዘዴ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። የሚናገረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ዓሣው የተለቀቀበትንና የተያዘበትን። በመካከሉ የት እንደዋለ አይናገርም። ከዚህም ይብሳል፤ ቁልፉ የሚመለሰው መረብ ካለበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ካርታው ላይ ነጥቦች የበዙበት ቦታ የሚያሳየው የአሥጋሪውን መዋያ እንጂ የዓሣው መዋያ አይደለም። ማንም የማያሰግርበት ባሕር ዓሣ የሌለበት ባሕር ሆኖ ይታይ ነበር።

ከ1826 እስከ 1947፦ ድምፅ በውኃ ውስጥ

መፍትሔው በሌላ መንገድ እየመጣ ነበር። በ1826 ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ኮላዶን ከሂሳብ ሊቁ ቻርልስ ስተርም ጋር በጄኔቫ ሐይቅ ላይ አንድ ሙከራ አደረገ። በአንዱ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ውኃ ውስጥ የተሰቀለ ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይለኮሳል። ኮላዶን ከሐይቁ ማዶ በሌላ ጀልባ ላይ ሆኖ፣ አንድ ጫፉ ውኃ ውስጥ የገባ ቱቦ ጆሮው ላይ ደግኖ፣ የባሩዱን ብልጭታ ካየ በኋላ የደወሉ ድምፅ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር እንደሚጓዝ አገኘ፤ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

የራዲዮ ሞገድ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። ብርሃንም ሩቅ አይሄድም። በባሕር ውስጥ ርቆ የሚሄደው ድምፅ ነው። የዚህ ሁሉ ታሪክ መሠረት ይኸው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የጥምር ኃይሎችን ሲያስጨንቁ፣ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የሚርገበገበውን የኳርትዝ ድንጋይ ተጠቅሞ፣ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ ወደ ውኃ መላክና ማሚቶውን መቀበል ቻለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ እውቀት ወደ ዓሣ መርከቦች በስፋት ገባ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ድምፅ መጀመሪያ ያገለገለው አሥጋሪውን ነበር። የዓሣ መንጋን ከመርከብ ላይ ሆኖ ማየት ሲቻል የሚያዘው መጠን አሻቀበ። ለዓሣው ጥበቃ የሚሆነው መሣሪያ እስኪመጣ ደግሞ በበቂ ደረጃ ያነሰ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መፈጠር ነበረበት። ትራንዚስተር በ1947 ሲፈለሰፍ በሩ ተከፈተ።

1956፦ የኮሎምቢያ ወንዝ ሳልመን

አንድን ዓሣ በድምፅ የመከተል ጥያቄ መጀመሪያ የተነሳው በግድብ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የሚፈሰው የኮሎምቢያ ወንዝ በሳልመን የታወቀ ነበር። የቦነቪል ግድብ በ1938 ሥራ ሲጀምር ዓሣው የሚወጣባቸው በደረጃ መልክ የተሠሩ የውኃ መተላለፊያዎች ነበሩት። በላይኛው ተፋሰስ በ1942 ተሠርቶ ያለቀው ግራንድ ኩሊ ግን መተላለፊያ አልተሠራለትም። ከእሱ በላይ ያለው ወንዝ ለሳልመን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ግድብ በግድብ ላይ ሲታቀድ፣ ዓሣው ከግድቡ ሥር ሲደርስ መተላለፊያውን ቶሎ ያገኘዋል ወይስ ሲባዝን ጉልበቱን ይጨርሳል የሚለው ጥያቄ መልስ ፈለገ። ሳልመን ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ አይበላም፤ በሰውነቱ ባጠራቀመው ስብ ብቻ ነው ዕንቁላል እስከሚጥልበት የሚደርሰው። በግድብ ሥር የሚባክነው እያንዳንዱ ቀን ከዚያ ስንቅ ላይ ይቀነሳል።

በአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ይሠራ የነበረው ፓርከር ትሬፌተን በ1956 ይፋ ያደረገው መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ መለያ ከአንድ ትልቅ ሳልመን ጋር ይያያዛል፤ በጀልባ ላይ ያለው ባለሙያ የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን እያዞረ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ያዳምጣል፤ ይከተላል። አንድን ዓሣ፣ ያንኑ ዓሣ፣ ሳይይዙት በሄደበት ሁሉ መከተል ተቻለ። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም።

ከ1960ዎቹ እስከ 1970ዎቹ፦ በጀልባ መከተል

ዘዴው ከወንዝ ወደ ባሕር ሲወጣ አስደናቂ ነገሮች ተገኙ። በሃዋይ አካባቢ ሄኒ ዩዌን ድምፅ አውጪ መለያ ያደረገበት ስኪፕጃክ ቱና ሌሊት ሌሊት ጥልቅ ወደሆነው ባሕር ርቆ እየወጣ፣ ሲነጋ ወደዚያው ጥልቀት የሌለው የባሕር ወለል ጉብታ እንደሚመለስ በ1970 አሳተመ። ምንም ምልክት በማይታይበት ውቅያኖስ ውስጥ ቤቱን የሚያውቅ ዓሣ ነበር።

በዉድስ ሆል የውቅያኖስ ምርምር ተቋም የነበረው ፍራንክ ኬሪ ደግሞ የትልልቆቹን ዓሦች ጉዞ ተከታተለ። በ1979 በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ጫፍ፣ ከሞንቶክ ወጣ ብሎ፣ የሞተ ዓሣ ነባሪ እየበላ ለነበረ ትልቅ ነጭ ሻርክ መለያ አደረገበትና ለሦስት ቀን ተኩል ተከተለው። ሻርኩ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ሰይፍ ዓሣም ቀን ቀን ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ ሲመሽ ወደ ላይ እንደሚወጣ የታወቀው በዚያ ዘመን ክትትል ነው።

ግን ይህ ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ማሰብ አያቅትም። አንድ መርከብ፣ አንድ ሙሉ ቡድን፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የሚያዳምጡ ሰዎች ለአንድ ዓሣ! ማዕበል ከተነሳ ዓሣው ይጠፋል። ባትሪው ካለቀ ነገሩ አለቀ። በዚህ መንገድ የአንድን ዓሣ የሦስት ቀን ታሪክ ማወቅ ይቻላል፤ የማስገር ሕግ ለማውጣት ግን የብዙ ዓሦች የብዙ ዓመታት ታሪክ ያስፈልጋል።

ከ1979 እስከ 2001፦ ሰው ሳይኖር የሚያዳምጥ ጆሮ

በ1979 በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማ ቬምኮ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ለዚህ ታሪክ ያበረከተው ነገር መርከቡን ከሥራው ማስወጣቱ ነው። ዓሣውን ከመከተል ይልቅ፣ የሚያዳምጥና የሚመዘግብ መሣሪያ ባሕሩ ወለል ላይ መትከል። ዓሣው ሲመላለስ በአጠገቡ ያልፋል፤ መሣሪያውም የማን ድምፅ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሰማ ይመዘግባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓሣው ማደንዘዣ ባለበት ውኃ ውስጥ ይገባና ሲደክም በጀርባው ይጋደማል፤ መተንፈሻ ስንጥቡ እንዳይደርቅ በአፉ በኩል ውኃ ይፈስለታል። ሆዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ፣ ከጣት የማይበልጥ ሲሊንደር መለያ ይገባና ቁስሉ በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ይዘጋል። ዓሣው ሲነቃ ይለቀቃል። መለያው ከዚያ በኋላ ባትሪው እስኪያልቅ፣ ትልልቆቹ እስከ 10 ዓመት ድረስ፣ በየተወሰነ ጊዜ ተከታታይ ምቶችን ያሰማል። ብዙ ጊዜ ድግግሞሹ 69 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ የሰው ጆሮ አይሰማውም። በምቶቹ መካከል ያለው ዕረፍት የእያንዳንዱ መለያ መታወቂያ ነው፤ ጎረቤትን በበር አንኳኳኩ እንደ መለየት ማለት ነው። ብዙ ዓሦች አንድ ቦታ ሲገናኙ ድምፃቸው እንዳይደራረብ፣ አንዱ ተከታታይ ምት ካለቀ በኋላ ሌላው እስኪጀምር ያለው ጊዜ ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረጋል። ተቀባዩ መሣሪያ ክብደት ታስሮለት ባሕር ውስጥ ይቆማል፤ እንደ ባሕሩ ሁኔታ ከጥቂት መቶ ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰማል። ጠላቂዎች በየጊዜው እየወረዱ መረጃውን ያወጣሉ፤ ባትሪ ይቀይራሉ።

ይህ ቴክኖሎጂ እየበሰለ ሳለ ከዚያው ከካናዳ አትላንቲክ ጠረፍ መርዶ መጣ። በሐምሌ 1992 የካናዳ መንግሥት በኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ማስገር እንዲቆም አዘዘ። በአንድ ጊዜ 30,000 ያህል ሰዎች ሥራ አጡ። ለዘመናት አውሮፓንና አሜሪካን የመገበ ዓሣ ነበር። ስሕተቱ ከየት መጣ? ኮዱ እየመነመነ ሲሄድ የቀረው ወደ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነበርና ትልልቆቹ መርከቦች እዚያው እየሄዱ መረባቸውን ሞልተው ይመለሱ ነበር። መረቡ ሞልቶ ሲመጣ ባሕሩ ሙሉ ይመስላል። የመርከቡ መረብ የሚናገረው ስለደረሰበት ቦታ ብቻ መሆኑን፣ ፔተርሰን ከለቀቃቸው ቁልፎች መቶ ዓመት በኋላ፣ ዓለም በከባድ ዋጋ ተማረው።

የአዲሱ ዘዴ ጥቅም ጎልቶ የወጣው በፍሎሪዳ ቴራ ሴያ በተባለ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ነው። ሚሼል ሂውፐልና ኮሊን ሲምፕፈንዶርፈር ከ1999 ጀምሮ ወሽመጡን በተቀባይ መሣሪያዎች ሞልተው፣ በዚያ የሚወለዱ የጥቁር ጫፍ ሻርክ ግልገሎችን አዳመጡ። ከግልገሎቹ ከ61 እስከ 91 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 15 ሳምንታት እንደሚሞቱ ታወቀ። ከዚያ በፊት በባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ከግምት በቀር በቀጥታ እምብዛም አይገኝም ነበር፤ የማስገር ገደብ ሲሰላ ደግሞ ይህ ቁጥር የስሌቱ እምብርት ነው። በመስከረም 2001 ጋብሪየል የተባለው ማዕበል ወደ ፍሎሪዳ ሲቃረብ፣ ገና የአየር ግፊት መውረድ ሲጀምር፣ ግልገሎቹ ወሽመጡን ለቀው ወጡ። ማዕበሉ ሲያልፍ ተመለሱ። ከተወለዱ ጥቂት ወራቸው ነበር፤ እንዲህ ያለ ማዕበል አይተው አያውቁም።

ከ2002 እስከ 2011፦ ከወሽመጥ ወደ ውቅያኖስ

አንድ ወሽመጥ ማዳመጥ ከተቻለ ጠረፉን በሙሉስ? የካናዳው ዴቪድ ዌልች የሰሜን አሜሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ በተቀባይ መስመሮች ለመሸፈን ፖስት የተባለውን ሥራ መራ። በ2008 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት ወደዚያው ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ የሚመልስ ነበር፤ ስምንት ግድብ ያለፉ የሳልመን ጫጩቶች በሕይወት የመቆየት መጠናቸው፣ ዋናው ወንዙ ግድብ ከሌለበት ከፍሬዘር ወንዝ ጫጩቶች አያንስም አለ። ሁለቱ ወንዞች ሊነጻጸሩ አይገባም ያሉ ብዙዎች ተቃወሙት። እንደ እኔ ክርክሩ በራሱ ዕድገት ነው፤ ከ50 ዓመት በፊት የሚከራከሩበት ቁጥር እንኳ አልነበረምና።

በዚያው በ2008 ሃሊፋክስ በሚገኘው ዳልሃውሲ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፉ የውቅያኖስ ክትትል መረብ ተቋቋመ። አውስትራሊያም የራሷን መረብ ዘርግታ ነበር። ትልቁ ነገር መሣሪያው አልነበረም፤ ስምምነቱ ነው። ሁሉም በተመሳሳይ ድግግሞሽ ስለሚሠሩ፣ አንዱ ተመራማሪ መለያ ያደረገበትን ዓሣ የሌላው ተቀባይ ሲሰማው መረጃው ለባለቤቱ ይደርሳል። በአንድ አገር ውኃ የተለቀቀ ዓሣ በሌላ አገር ውኃ ሲያልፍ የሚሰማው ጆሮ አገኘ።

ከ2000 እስከ ዛሬ፦ ደቡብ አፍሪካ

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ታሪኩ የተሟላው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ በእኔ ግምትም ከሁሉም አስተማሪው እሱ ነው። በታኅሣሥ 2000 የአገሪቱ መንግሥት በመንጠቆ በሚሰገሩ የጠረፍ ዓሦች ላይ የደረሰውን መመናመን አይቶ አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። በጣም ከተጎዱት አንዱ ደስኪ ኮብ ነበር። ይህ ዓሣ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር፣ ከሰው ቁመት ሊስተካከል ይችላል። ዕንቁላል ለመጣል የሚደርሰው አንድ ሜትር ገደማ ሲረዝም ነው። ችግሩ ልጅነቱን የሚያሳልፈው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጠባብ ውኃ መሆኑ ነው፤ ዳር ላይ የቆመ ማንኛውም አጥማጅ ይደርስበታል።

ማክሃንዳ ከተማ በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የውኃ ብዝኃ ሕይወት ተቋም የሚሠራው ፖል ካውሊ ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋር ግሬት ፊሽ በተባለው ወንዝ አፍ ላይ ኮቦችን መለያ እያስገባባቸው ለቀቀ። ዓሦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከወንዙ አፍ ሳይርቁ ከባሕሩ ውኃ መሙላትና መጉደል ጋር ሲመላለሱ ተገኙ። መለያ ካላቸው ውስጥም ብዙዎቹ በአጥማጆች እጅ ገቡ። ስለዚህ አንድ ወንዝ አፍ ሲሟጠጥ ከሌላው ወንዝ መጥቶ የሚተካው ወጣት ኮብ እምብዛም አይደለም። በ2011 ይኸው ተቋም፣ ከዓለም አቀፉ መረብ በተገኘ ድጋፍ፣ በጠረፉ ላይ የተዘረጋ የተቀባዮች መረብ አቋቋመ። የሌሎቹ ዓሦች ጉዞም ተገለጠ። ሌርቪስ የተባለው ፈጣን አዳኝ ወደ ክዋዙሉ ናታል ሄዶ ዕንቁላል እንደሚጥል ይታወቅ ነበር፤ መለያዎቹ ግን አንዳንዱ ሲሄድ አንዳንዱ ባለበት እንደሚቀር አሳዩ።

ሌላው ዓሣ ሮማን ይባላል፤ ብርቱካናማ፣ ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ ያለ ነጭ ምልክት ያለው፣ በድንጋያማ የባሕር ወለል የሚኖር ነው። ሴት ሆኖ ያድግና በኋላ ወንድ ይሆናል፤ ትልልቆቹን እየመረጡ ማጥመድ ወንዶቹን ማጥፋት ነው። ስቬን ኬርዋትና ባልደረቦቹ በ1990 በተከለለው የጉካማ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ሮማኖችን በድምፅ ሲከታተሉ፣ አንዱ ዓሣ የሚኖርበት ስፋት ከ1,000 እስከ 3,000 ካሬ ሜትር ብቻ ሆኖ አገኙት። አንድ መጠነኛ ግቢ ያህል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ዓሣ ትንሽ ክልል እንኳ ትልቅ መጠለያ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዓሣ አሥጋሪዎች ክለላን የሚፈሩት ምርታችን ይቀንሳል ብለው ነው። ኬርዋትና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ መልስ ሰጠ። የ15 ዓመት የአሥጋሪዎች መዝገብ ሲመረመር፣ ጉካማ ከተከለለ በኋላ በአካባቢው በአንድ ጉዞ የሚያዘው ሮማን ወዲያው ጨመረ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ከክለላው በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ጠቅላላ ምርቱም አልወረደም። ዓሣው ከየት እስከየት እንደሚንቀሳቀስ ቀድሞ ስለታወቀ ክለላው ለምን እንደሠራ ማስረዳትም ተቻለ።

ለኮብ ግን እንዲህ አልሆነለትም። ወጣቱ ኮብ ከወንዙ አፍ እንደማይርቅ ድምፁ በግልጽ ተናግሯል፤ ዕንቁላል ሳይጥል እንደሚያዝም ተረጋግጧል። ሆኖም በምሥራቅ ኬፕ የወንዝ አፎችና የባሕር ዳርቻዎች ሕጉ ለአንድ አጥማጅ በቀን አንድ ኮብ ይፈቅዳል፤ ዝቅተኛው ርዝመት ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ዓሣው ለመራባት ገና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ማለት ነው። መረጃው ሞልቷል፤ መለኪያው መቀየር አለበት። ኮብ አስቸኳይ ሁኔታ ከታወጀበት ከ2000 ወዲህ እስካሁን አላገገመም።